በ2018 ጎልፍ ጂቲአይ ላይ የትኛውን ፍሪሲዮንና የትኛውን የሞተር ጎማ ላስገባ?

ጥያቄ፤ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምነዳው ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር፣ ባለ 6 ማርሽ የ2018 ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነው። በሥራ ቀናት በ395 አውራ ጎዳና መጨናነቅ ውስጥ ወደ ዋሽንግተን እመላለሳለሁ፤ ቅዳሜ ማለዳ ደግሞ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች የሚያወጡትን ጠመዝማዛ መንገዶች በደስታ እነዳለሁ። የሞተሩን ኮምፒውተር ወደ መጀመሪያው የማሻሻያ ደረጃ ካስቀየርኩ በኋላ፣ በ5ኛ ወይም በ6ኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር ተነሥቼ ነዳጅ አጥብቄ ስረግጥ የዙር ቆጣሪው ሽቅብ ይወጣል፤ የመኪናው ፍጥነት ግን አብሮት አይጨምርም። በ1ኛ ማርሽ በኃይል ስነሣም የፊት ጎማዎቹ እየዘለሉ መኪናውን ያንዘፈዝፉታል። በዚሁ መኪና ባለቤቴና ሕፃን ልጃችን ስለሚጓዙ፣ እግር የሚያዝል ፔዳልም ሆነ ወንበር የሚያንቀጠቅጥ ንዝረት አልፈልግም። ምን ዓይነት ፍሪሲዮንና የሞተር ጎማ (ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን) ትመክሩኛላችሁ? ቮላኖውንስ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን፣ ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበትን ከባድ ክብ ብረት) ከባለ ሁለት አካሉ ወደ ቀላሉ፣ ባለ አንድ አካል ወደሆነው ዓይነት ልለውጠው?

መልስ 1፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ መካኒክ

ወንድሜ፣ የገለጽከው የፍሪሲዮን መንሸራተት ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሰጠው ከፍተኛ የማዞር ጉልበት 350 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ደረጃ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ከ400 በላይ ያደርሰዋል፤ ተርቦው ቶሎ ስለሚነሣም ይህ ጉልበት ገና በዝቅተኛ ዙር ላይ ይመጣል። በዝቅተኛ ማርሽ መኪናው ፈጥኖ ስለሚያመልጥ የፍሪሲዮኑ ሸራ (በግጭት የሚይዘው ገጽ) ጫናውን የሚሸከመው ለአፍታ ነው፤ በ5ኛና በ6ኛ ማርሽ ግን ሙሉ ጉልበቱ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚያርፍበት ድክመቱ እዚያ ይገለጣል።

አንድ ፍሪሲዮን የሚሸከመው ጉልበት የሚወሰነው በሸራው የመያዝ ባሕርይ፣ ሸራውን በሚጫነው ኃይል፣ በሸራው ስፋትና በሚነካኩት ገጾች ብዛት ነው። ቦታው የተወሰነ ስለሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በቀላሉ መለወጥ አይቻልም፤ የሚቀርህ ወይ ጫናውን መጨመር ወይ ሸራውን መለወጥ ነው። ጫናው ሲበዛ ፔዳሉ ይከብዳል፤ በተረገጠ ቁጥርም ፍሪሲዮኑን በሚገፋው ኩሽኔታና ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንቀሳቀስ በሚይዘው ብረት ላይ የሚያርፈው ግፊት ይጨምራል። የሴራሚክ ሸራ ደግሞ ሙቀትን በሚገባ ይቋቋማል፣ ነገር ግን የሚይዘው በድንገት ነው፤ በየሜትሩ ቆሞ መነሣት ባለበት በ395 ላይ ልጅ አስቀምጦ የሚነዳበት አይደለም። ስለዚህ የምመክርህ እንደ ፋብሪካው ባለ ኦርጋኒክ ሸራ ዲስክና መጠነኛ ተጨማሪ ጫና ያለው ፕሬዠር ፕሌት (ሸራውን የሚጫነው ብረት) ነው፤ ሳክስና ሳውዝ ቤንድ የተባሉት ፍሪሲዮን አምራቾች እንዲህ ያለውን ይሠራሉ። ሞተርህ አሁን ከሚሰጠው ጉልበት 20 በመቶ ያህል ትርፍ ያለውን ምረጥ እንጂ በካታሎጉ ላይ ትልቁን ቁጥር አትፈልግ። አንዳንዶች የጎልፍ አር (ከጂቲአይ የበለጠ ጉልበት ያለው ጎልፍ) ፍሪሲዮን ይበቃል ይላሉ፤ ያ መኪና ግን ከፋብሪካ የሚወጣው በ380 ኒውተን ሜትር ስለሆነ ለአንተ የሚተርፈው አቅም ትንሽ ነው።

እስክታስቀይር ድረስ ፕሮግራሙን ወደ ቀድሞው መልሰው፤ የሚንሸራተት ሸራ ቮላኖውን በሙቀት ያበላሸዋልና።

መልስ 2፤ ከአትላንታ

በቮላኖው ጉዳይ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ባለ አንድ አካሉ ቀላል ስለሆነ ሞተሩ ዙሩን ፈጥኖ ያነሣል፣ ፈጥኖም ያወርዳል፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማርሽ ወደ ታች ሲቀየር ይህ ትልቅ ደስታ ይሰጣል። በውስጡ የሚደክም ሞላ ስለሌለውም ዕድሜው ረጅም ነው። በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ሲቆም ከካምቢዮው የሚሰማው መንቀጫቀጭ እኔን አያስጨንቀኝም።

መልስ 3፤ ከሲያትል

ወንድማችን ጠያቂ፣ መንቀጫቀጩ ብቻውን የሚነዳን ሰው ላያስጨንቅ ይችላል፤ የእርስዎ ሁኔታ ግን የተለየ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ባለ ሁለት አካሉ ቮላኖ የተሠራውም ይህ ምት ወደ ካምቢዮው ሳይደርስ እንዲለዝብ ነው። እኔ ተመሳሳይ መኪና ስለምነዳና ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰውም በእርሱ ስለሆነ፣ ባለ ሁለት አካሉን እንዲያቆዩት አጥብቄ እመክራለሁ።

የሞተር ጎማዎቹን በተመለከተ፣ ክብደቱን የሚሸከሙት የላይኞቹ ሁለቱ ናቸው፤ አንዱ በሞተሩ፣ ሌላው በካምቢዮው በኩል። ከታች ያለችው አጭር ክንድ ግን ክብደት አትሸከምም፤ ሥራዋ ሞተሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይወዛወዝ መያዝ ነው። የፊት ጎማዎቹ ሲዘሉ የሚሆነውም ይኸው ነው፦ የመኪናው ጎማ መሬቱን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ሞተሩም አብሮ ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜውም ተመልሶ ጎማውን ያዘልለዋል። በዚህች ክንድ ጎማ ክፍተቶች ውስጥ የሚገባ የፖሊዩሬታን (ጎማ መሰል ፕላስቲክ) ሙሊት ከሙሉ የሞተር ጎማ ቅያሪ እጅግ ያነሰ ዋጋ ያለው ሲሆን፣ ካስገባሁት ወዲህ የማርሽ አቀያየሩም ቀጥ ብሎልኛል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ)፣ በተለይም ኤር ኮንዲሽነሩ ሲሠራ፣ በመሪውና በወንበሩ ላይ የሚሰማ ንዝረት አለ፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ይጠፋል። ከሚሸጡት ውስጥ ለስላሳውን ይምረጡ፤ ላይኞቹን ካልተቀደዱ በቀር አይንኳቸው። የደረቀ የመኪና ጎማም ለዝላዩ ምክንያት ስለሚሆን አስቀድመው ይዩት።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለ ሁለት አካሉን ቮላኖ ላቆይና ከታች ያለውን ሙሊት ላስገባ ወስኛለሁ። ካምቢዮው ሲወርድ አብሮ መለወጥ ያለበት ነገር ይኖራል?

መልስ 1፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ መካኒክ

አዎን። ዋጋው የሚበዛው ካምቢዮውን በማውረዱ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ በካምቢዮው ቤት ውስጥ ያለውን የፍሪሲዮን ሲሊንደር ከነኩሽኔታው አዲስ አስገባ። የቮላኖው ቡሎኖች አንዴ ሲጠብቁ የሚለጠጡ ስለሆኑ ዳግም አይገቡም። ከክራንክ ሻፍቱ ጀርባ ያለው የዘይት መከላከያ ማፍሰስ አለማፍሰሱ ይታይ፤ ዘይት የነካው ሸራ ምንም ቢጠነክር ይንሸራተታል። ፍሪሲዮኑ ከፍሬኑ ጋር አንድ የዘይት ዕቃ ስለሚጋራ የፍሬን ዘይቱም በዚያው ይቀየር። ከዚያ በኋላ 800 ኪሎ ሜትር ያህል በከተማ ውስጥ በእርጋታ ነድተህ ሸራው ከገጹ ጋር ሲለማመድ ፕሮግራሙን መልሰህ ጫን።