ድሬ ላይ ግቢ ውስጥ ለጥላ የሚሆን ዛፍ፣ የአምናው ኒም ደረቀብኝ

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ቤታችን ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው እሳት ይሆናል፣ እናቴ ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለማትችል ወንበሯን ይዛ የአጥሩን ጥላ ስትከተል ነው የምትውለው። አምና ሐምሌ ላይ ኒም ተክዬላት ማታ ማታ አንድ ሃይላንድ ውሃ አጠጣው ነበር፣ አንድም ቀን አላስታጎልኩም፣ ግን ጥር ላይ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረና መጋቢት ላይ ጭራሽ እንጨት ሆነ። ኒም ድርቅ ይችላል ሲባል ነው የሰማሁት፣ ምን አጥፍቼ ነው? ወይስ ያ ቀይ አበባ ያለው የድሬዳዋ ዛፍ ይሻለኛል? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን።

ችግኝ ጣቢያ የሰራ፦
አይዞሽ እህቴ። ድርቅ ይችላል የሚባለው ሥሩ ታች ከገባ በኋላ ነው፣ ችግኝ እያለ ግን እንደማንኛውም ችግኝ ውሃ ይፈልጋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስታጠጪው ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚርሰው፣ ሥሩም ውሃ ወዳለበት ወደ ላይ ይቀርና በጋ ሲመጣ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይደርቃል። የደረቀውን ነቅለሽ አይተሽዋል?

የሳቢያኗ፦
አሁን ነቀልኩት። ሥሩ ክብ ሆኖ ተጠምጥሟል፣ ልክ የላስቲኩን ቅርፅ እንደያዘ ነው። ላስቲኩን እኮ አውጥቼ ነው የተከልኩት!

ችግኝ ጣቢያ የሰራ፦
በቃ እሱ ነው። ላስቲክ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ነው የሸጡልሽ። ስትገዢ በቁመቱ አትሸወጂ፣ ከላስቲኩ ታች ሥሩ ወጥቶ ከሆነ ተዪው፣ አጠር ያለውን ውሰጂ፣ ትንሽ የተጠመጠመ ካለም በስለት ቆርጠሽ ትከዪ። ጉድጓዱን 60 በ60 ሳንቲ ቆፍሪ፣ የላዩን አፈር ለብቻ አውጥተሽ ከብስባሽ ጋር ደባልቀሽ መልሺው፣ ዙሪያውን ውሃ እንዲይዝ እንደ ሰሃን አድርጊው። ከዛ ዝናቡ ሲያቆም በሳምንት አንዴ አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር ማለት ነው፣ ቀስ እያልሽ አፍስሺለት። የናንተ ሰፈር አፈር አሸዋማ ከሆነ የመጀመሪያውን ወር በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሁለተኛው በጋ ላይ በ15 ቀን አንዴ ይበቃዋል። ሳር አልብሺው ይሉሻል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ምስጥ ካለ በሳር ፋንታ ጠጠር ይሻላል፣ ግንዱንም እንዳይነካ።

የከዚራ ልጅ፦
ስለ ዛፉ ምርጫ ልጨምር። የድሬዳዋ ዛፍ በስማችን ይጠራ እንጂ ከማዳጋስካር የመጣ ነው፣ ሲያብብ ታይቶ አይጠገብም፣ ጥላውም ሰፊ ነው፣ ግን ሥሩ ላይ ላዩን እየሄደ ሲሚንቶ ያነሳል፣ ቅርንጫፉም በንፋስ ይገነጠላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደረቅ ሲሆን ቅጠሉን ያራግፋል፣ እናትሽ ጥላ የምትፈልገው ያኔ አይደል? ስለዚህ ኒሙን ድገሚው ባይ ነኝ። ቦታ ካለሽ ጎን ለጎን ሮቃ ትከዪ (ሁመር የሚሉትም አሉ)፣ አድጎ ጥላ እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል ግን ዕድሜው ረጅም ነው፣ ፍሬውም ለጁስ ይሆናል። ከቤቱም ከሽንት ቤት ጉድጓዱም ቢያንስ 5 ሜትር አርቂው። ቶሎ ያድጋል ብሎ ፕሮሶፒስ (ያን እሾሃማ ወራሪ ዛፍ) የሚሰጥሽ ካለ በጭራሽ እንዳትቀበዪ፣ አፋር ላይ የግጦሹን መሬት ምን እንዳደረገው አይተናል።

እማማ ጓሮ፦
ልጄ፣ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ማሰሮ ቅበሪ። ያልተቀባና ዘይት ያልነካው የሸክላ ማሰሮ ከችግኙ አንድ ክንድ አርቀሽ እስከ አንገቱ ቅበሪና ሞልተሽ ክደኚው፣ ውሃው በሸክላው እያላበ ለሥሩ ይደርሰዋል፣ ፀሐይ አይወስደውም። እኔ የሎሚዬን ችግኝ እንደዛ ነው ያሳደግኩት። ፍየል የሚገባበት ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን እሾህ አጥሪ፣ ኒም ይመራል ብለሽ አትመኚ፣ ሲርባት ትቀጥፈዋለች።

የሳቢያኗ፦
እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ 9 ሰዓት ላይ የእናቴን ወንበር አስቀምጬ ፀሐዩ በየት በኩል እንደሚመታት አይቼ ጉድጓዱን እጀምራለሁ። ቤት ያለው ማሰሮ ግን ስንጥቅ አለው፣ ይሆናል?

እማማ ጓሮ፦
ስንጥቁ አንገቱ ላይ ከሆነ ችግር የለውም። ሆዱ ላይ ከሆነ ግን ባንድ ሌሊት ያፈሰዋል፣ ሌላ ፈልጊ።