ለእናቴ በቀዶ ሕክምና ፋንታ ጨረር የታዘዘላት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ
እናቴ 64 ዓመቷ ሲሆን ማኅፀኗ ከወጣ 9 ዓመት ሆኗል። በክረምቱ ደም ሲፈስሳት መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣት፤ ደሙ ግን አልቆመም። በኋላ ሌላ የማኅፀን ሐኪም ናሙና አስመርምረው የሴት ብልት ካንሰር መሆኑን፣ እጢውም 3 ሴንቲሜትር እንደሚሆን ነገሩን። ማኅፀን የሌላት ሴት እንዴት በዚህ ትያዛለች? ደግሞስ ቆርጦ ማውጣት እያለ ጨረር የታዘዘላት ለምንድን ነው? እርሷ ጸበል ልግባ እያለች ነው።

መልስ፦ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም
እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ እኅቴ። ማኅፀን ቢወጣም ብልት ስለሚቀር ካንሰሩ ከዚያው ግድግዳ ሊነሣ ይችላል። ማኅፀናቸው የወጣው በማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምክንያት ከሆነ ሥጋቱ ከፍ ያለ ነው፤ ሁለቱንም በአብዛኛው የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ነውና። የያኔውን የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት ፈልገሽ ለሐኪማቸው አሳዪ።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ስንመጣ፣ ብልት ከፊቱ ከሽንት ፊኛ፣ ከኋላው ከትልቁ አንጀት መጨረሻ ጋር በስስ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ ስለሚገኝ፣ እጢውን ከዙሪያው ጤናማ ሥጋ ጋር አስፍቶ መቁረጥ እነዚህን አካላት ሊጎዳ ይችላል። በላይኛው ክፍል ያለ ከ2 ሴንቲሜትር የማይበልጥ እጢ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ ለሚበልጠው ግን ብዙ ጊዜ ጨረር ይመረጣል። ከውጭ የሚሰጠው በሳምንት 5 ቀን ለ5 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ቀጥሎ ብራኪቴራፒ የሚባለው፣ የጨረር ምንጩን በብልት ውስጥ በማስገባት የሚሰጠው ይመጣል። ኩላሊታቸው የሚችል ከሆነ ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በየሳምንቱ ሊጨመር ይችላል።

መልስ፦ ታክማ የዳነች
እኔ ይህንኑ ሕክምና ከጨረስሁ 3 ዓመት ሆኖኛል። ተቅማጡና ሽንት ማቃጠሉ አድካሚ ነበር፤ ለሐኪም ሲነገር ግን ማስታገሻ አለው። እኔን በጊዜው ማንም ያልነገረኝ፣ ከጨረር በኋላ ብልት እየጠበበ እንደሚሄድ ነው። እንዳይጠብ የሚያደርግ ማስፊያ መሣሪያ ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከጠበበ ሐኪሙ በክትትል ጊዜ ውስጡን ማየት ያቅተዋል፣ ይህም ለትዳር ብቻ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም።

ጸበሉን አትከልክያት፣ ነገር ግን አንድም የጨረር ቀን እንዳያመልጣት፤ መቋረጥ ለእጢው ጊዜ ይሰጠዋል። በሰውነቷ ላይ የሚሠመረው የጨረር ምልክትም በመታጠብ እንዳይለቅ ተጠንቀቁ፤ ንስሐ አባቴ በዚያ ሰሞን ጸበሉን እንድጠጣው ብቻ ፈቅደውልኝ ነበር።

ጠያቂዋ፦
የድሮውን ፋይል ዛሬ ከቁም ሳጥን አገኘሁት፤ የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ይላል። ሰኞ ጠዋት ይዤው ጥቁር አንበሳ እሄዳለሁ።