በመስኮታችን የሚገባው ንፋስ አላስተኛ አለን፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

እንደምን ዋላችሁ? የምንኖረው በኪራይ ነው። ቤቱ የጭቃ ነው፤ በሲሚንቶ ተለስኗል። ሁለት መስኮት አለው። የሳሎኑ የብረት ነው፣ ባለ መስታወት። የጓዳው የእንጨት ነው። ከኅዳር ወዲህ ሌሊት ሌሊት መከራችንን እያየን ነው። መስኮቱ ተዘግቶ መጋረጃው ይወዛወዛል። የሰባት ወር ልጅ አለኝ፤ ጠዋት ስነካው አፍንጫው በረዶ ነው። ክፍተቱን በጨርቅ ጠቀጠቅኩት፤ ግን ጠዋት ስከፍተው ሁሉም ይረግፋል። ባለቤቴ መስኮቶቹን እናስቀይር ይላል፤ አቅሙ የለንም። ብዙ ሳላወጣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናት፣ ከሮብ ገበያ

አይዞሽ እህቴ። እኛ ጮቄ ሥር ነን፤ ብርዱን እናውቀዋለን። መጀመሪያ ንፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ ለዪ። ማታ ንፋስ ሲነሣ መጋረጃውን አውርጂና ጧፍ አብሪ። በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ እያልሽ አዙሪው። ነበልባሉ ጋደም ካለ ቀዳዳው እዚያ ጋ ነው። በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። እኔ በመስታወቱ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ለካ በመቃኑና በግድግዳው መሀል ትንሿን ጣቴን የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረ። ጭቃ በጤፍ ጭድ አቡክቼ፣ ሦስት ቀን አስቀምጬ መረግሁት። ሲደርቅ ትንሽ ተሰነጠቀ፤ ደግሜ አለሰንኩት። ይኸው እስከዛሬ አለ።

መልስ፦ አናጺ፣ ከፍኖተ ሰላም

እቴ፣ መስኮት ማስቀየር አያስፈልግሽም። ንፋስ የሚገባው በሦስት በኩል ነው። በመቃኑና በግድግዳው መሀል ያለውን እህታችን ነግራሻለች። ሁለተኛው የመስታወቱ ዙሪያ ነው። መስታወቱን በጣትሽ ገፋ አድርጊው። ከተንቀጫቀጨ መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ደርቆ ረግፏል ማለት ነው። አሮጌውን ፍቆ አዲስ ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ዋናው ግን ሦስተኛው ነው፤ መዝጊያው ከመቃኑ ጋር የሚገጥምበት። ወረቀት መሀል አድርገሽ መስኮቱን ዝጊና ሳቢው። ሳይዘው ከወጣ ክፍተት አለ። ለብረቱ እንዲህ አድርጊ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀሽ አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀቢው፤ በደንብ ይድረቅ። ክፍተቱን የምትደፍኚበት፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊከን የሚባል ማጣበቂያ ያልተቀባ ብረት ያዝጋልና ይህን አትዝለይው። ቀለምም ካሰብሽ አሁኑኑ ነው፤ ሲሊከን ላይ ቀለም አይዝም። ከዚያ በመቃኑ ዙሪያ ሲሊከኑን እንደ ገመድ ቀጭን አድርገሽ አስዞሪ። መዝጊያው የሚነካውን በኩል ንጹሕ ፌስታል አልብሽውና ሳትጫኚ ዝጊው። በማግስቱ ከፍተሽ ፌስታሉን ላጪው። ሲሊከኑ የክፍተቱን ቅርጽ ይዞ እንደ ጎማ ይቀራል። ይህ ከከበደሽ የሚለጠፍ ስፖንጅ አለ፤ እሱም ይሠራል፤ ግን ቶሎ ይተኛል።

የጓዳው እንጨት እርጥብ ባሕር ዛፍ ከነበረ ሲደርቅ ተጣሞ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ማጠፊያውን ፈትቶ ትንሽ ማዘዋወር ይበቃል። አንድ ነገር አደራ። ክረምት ላይ አልዘጋ ቢልሽ መላጊያ አታስነኪው። እርጥበት ጠጥቶ ነው የሚያብጠው። ሐምሌ ላይ የተላገ መስኮት ታኅሣሥ ሲመጣ ክፍተት ይሆናል። ስንቱን መስኮት ዳግመኛ እንደሠራሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

መልስ፦ ከሞጣ

አከራይሽን አስቀድመሽ አናግሪ። የቤቱ ጥገና ስለሆነ ወጪው ከኪራዩ ሊታሰብልሽ ይችላል።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማታ ጧፉን አዞርኩት። ከሁሉም የባሰው በሳሎኑ መስኮት ማጠፊያ በኩል ነው፤ ነበልባሉ ሊጠፋ ደረሰ። ቅዳሜ እንጀምራለን። እስከዚያው ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥዬ ቤቱን እያሞቅሁት ነው።

መልስ፦ አባት፣ ከቢቸና

ልጄ፣ ስለ ከሰሉ ያልሽው አስደንግጦኛል። ዛሬውኑ አውጪው። መስኮቱ ሲደፈን አደጋው ይብሳል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ጠፋ ብለሽ አትታለዪ፤ ያን ጊዜም ጋዙ አለ። እኛ ቤት አንድ ሌሊት ማንደጃ አስገብተን ተኛን። ሌሊቱን እናታችን ራሴን አለች። ልነሣ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። እየተሳብኩ ሄጄ በሩን ከፈትኩት። የተረፍነው በእግዜር ቸርነት ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከመጣ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡና ሐኪም ቤት ሂዱ። የተኛ ሰው ምልክቱንም አያውቀው፤ በእንቅልፉ ይሄዳል። ሕፃን ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። ቤቱን በከሰል አታሙቂው። ልጁን ደረብረብ አድርገሽ አልብሽው፤ መኝታውንም ከመስኮቱ አርቂው።

ጠያቂዋ፦

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ራሴን ሲያመኝ የሰነበተው ከብርዱ ይመስለኝ ነበር። ማንደጃውን ያኔውኑ አወጣሁት፤ ራስ ምታቱም ተወኝ። ጤና ጣቢያ ሄደን ልጁም ታይቷል፤ ደኅና ነው።

መስኮቱንም ቅዳሜ ሠራነው። አከራያችን የሲሊከኑንና የአንቲረስቱን ዋጋ ቻሉልን። ፌስታሉን ስልጠው ሲሊከኑ ልክ እንደ ጎማ ሆኖ ቀርቷል። የጓዳውን ማጠፊያ ባለቤቴ ወደ ውስጥ አስገባው፤ አሁን ሲዘጋ ግጥም ይላል። ትናንት ማታ ጧፉን ደግሜ አዞርኩት። በሳሎኑ መስኮት ላይኛው ጥግ ብቻ ትንሽ ይወዛወዛል። እሱን ለአየር ብዬ ትቼዋለሁ።