ታጣፊ ሶላር ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የተሳቢ ካምፐሬ ባትሪ ለምን አይሞላም?

ጥያቄ፣ ከዴንቨር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የትንሿ ተሳቢ ካምፐሬ ባትሪ 80 አምፒር-ሰዓት፣ የተለመደው ባለ አሲዱ ነው። 100 ዋት ታጣፊ ሶላር ገዛሁ፤ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ዕቃ) ፓኔሉ ጀርባ ላይ ነው። ካምፐሯ ጎን ላይ «ሶላር» የሚል ባለሁለት ፒን ሶኬት ውስጥ ስሰካው ቀይ መብራት ይበራል። በክሊፕ ባትሪው ላይ ሳስረው ይሠራል፤ ግን ካምፐሯ ጥላ ስር ስለምትቆም በ10 ሜትር ማራዘሚያ (የሽቦው ውፍረት 14 ጌጅ) ነው የማገናኘው፤ እስከ ማታ ከ13.4 ቮልት አያልፍም። የ12 ቮልት ኮምፕሬሰር ፍሪጅ፣ መብራትና የውሃ ፓምፕ ነው ያለኝ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ቀዩ መብራት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገልብጠዋል እያለህ ነው። አምራቾች የጎን ሶኬቱን በአንድ ዓይነት አያገናኙትም፤ መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ ትክክል ነው አትበል። ቴስተርህን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርግ። ከፓኔሉ ገመድ ወደ ቀዩ ክሊፕ የሚሄደውን ፒን ለይ፤ ካምፐሯ ላይ ከእሱ ጋር የሚገጥመውን ጫፍ በቀዩ፣ ሌላውን በጥቁሩ የቴስተር ጫፍ ንካ። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ተገልብጧል፤ ፖላሪቲ የሚገለብጥ አጭር አስማሚ መሃል አስገባ። ዜሮ ካሳየ ወይ ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ወይ ውስጥ ሌላ ኮንትሮለር አለ። ውስጥ ሌላ ኮንትሮለር ካለ ብቻ የፓኔሉን ኮንትሮለር አልፈህ በቀጥታ ስካ፤ ሁለቱ ተከታትለው በደንብ አይሠሩም።

መልስ 2፦
ላለመሙላቱ ጥፋተኛው ማራዘሚያው ነው። 10 ሜትር ሲሄድና ሲመለስ 20 ሜትር ሽቦ ነው፤ በ14 ጌጅ 0.16 ኦም ገደማ ይሆናል። 5.5 አምፒር ሲያልፍበት 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ኮንትሮለሩ እሱ ጋ 14.4 (የመሙያውን ቮልት) ሲያይ ባትሪው ጋ የደረሰው 13.5 ነው፤ ስለዚህ «ሞልቷል» ብሎ ወደ ማቆያው (የሞላ ባትሪን ብቻ ወደሚጠብቀው ዝቅተኛ) ቮልት ይወርዳል።

ወፍራም ሽቦ ከመግዛትህ በፊት ኮንትሮለሩን ከፓኔሉ ጀርባ ነቅለህ ባትሪው አጠገብ ግጠመው። ረጅሙ ሽቦ በፓኔሉ በኩል ሲሆን፣ ፓኔሉ እስከ 18 ቮልት ገደማ መስጠት ስለሚችል፣ ያው 0.9 ቮልት ቢጠፋም ኮንትሮለሩ የባትሪውን ትክክለኛ ቮልት ያነባል። መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን አገናኝ፤ ስትነቅል በተቃራኒው። ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ከ18 ሳንቲሜትር ሳይርቅ፣ 15 አምፒር ፊውዝ አድርግ። ይህን እባክህ አትዝለል፤ ሽቦ ሲላጥ እሳት የሚነሳው ከባትሪው ነው።

መልስ 3፣ ከፍራንክፈርት፦
እዚህ ጀርመን ባልኮን ላይ የሚሰቀለውን፣ በ2024 ገደቡ ወደ 800 ዋት ከፍ ያለውን ሶላር ለካምፐር የሚያስቡ ስላሉ፦ እሱ የቤት መብራት መስመር ካላገኘ ራሱን ያጠፋል። ሜዳ ላይ አይሠራም።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ኮንትሮለሩን ካዛወርኩ 100 ዋት ይበቃኛል?

መልስ 2፦
ፍሪጁን አይችልም። 100 ዋት የተባለው በተግባር 75 ገደማ ነው፤ በ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ 375 ዋት-ሰዓት። 45 ዋት የሚስብ ፍሪጅ በሙቀት ግማሹን ቀን ቢሠራ ብቻውን 540 ይበላል። ከባትሪህ ደግሞ ሳትጎዳው የምትጠቀመው ግማሹን፣ 480 ገደማ ነው። ሌላ 100 ዋት በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ጨምር፤ የጥድ ጥላ አንዱን ቢሸፍነው ሌላው ይሠራል። ኮንትሮለሩ ግን 20 አምፒር የሚችል ይሁን። ወደ ሊቲየም የምትቀይር ከሆነ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግን ራሱ የሚያቋርጥ ባትሪ ምረጥ፤ ኮሎራዶ ተራራ ላይ በመስከረም ሌሊቱ በረዶ ነው።