«ሽንገላ ሙያ ነው» ተባለ እንዴ?

የሞጃው፦ ትናንት እዚህ አንዱ «የጅሩን ሰንጋ በደህና ዋጋ ለመሸጥ ሽንገላ ሙያ ነው» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ላይክ አደረገለት! እኔን ግን አናደደኝ። በእኛ አገር «ሸንጋይ» መባል ስድብ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ሙያ የሆነው?

እነዋሪ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልሰርዘውም። በሬውን ጓያና ጭድ ስታበላ ከርመህ፣ ገበያ ላይ ገዢውን «ወንድሜ፣ ና እስቲ ዳብሰው» ካላልከው ማን ዞር ብሎ ያይሃል?

መሐል ሜዳ፦ እሱማ ማግባባት ነው። «ዳብሰው» ያልከው እኮ ራሱ እንዲያረጋግጥ ነው። ሸንጋይ መች «ዳብሰው» ይላል? እሱ አፉን የሚያጣፍጠው እጅህ በሬው ላይ እንዳይደርስ ነው።

እነዋሪ፦ ቃል አትሰንጥቅ። ሸንጋይማ ጨው አልሶ ውሃ የሚያጠጣው ነው፣ ሆዱን ነፍቶ የሰባ የሚያስመስለው።

የሞጃው፦ እሱ አጭበርባሪ ነው። ሽንገላ በአፍ ነው። ዳዊቱም «የሽንገላ ከንፈር» ነው የሚለው፣ መዝሙር 11ን አንብብ።

ደብረ ብርሃን፦ 12 ነው እንጂ! የእኔ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ 12 ነው።

መሐል ሜዳ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የግዕዙ ዳዊት 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውም አንዱ ጋ 22፣ ሌላው ጋ 23 ነው። ወደ ነገራችን እንመለስ።

ደላላው፦ እኔ የምኖረው በዚህ ሥራ ነው። ደላላ ሁሉ ሸንጋይ ነው የምትሉት ያማል። «ደላላ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ሻጭና ገዢ የሚያገናኝ ማለት ነው።

የሞጃው፦ አንተን ማን ነካህ? እኔ የያዝኩት «ሙያ ነው» ያለውን ነው። ልጆቻችን ያነቡታል። ሙያ ከተባለ ነገ ይማሩታል።

እነዋሪ፦ እሺ፣ ሽማግሌ የተቀየመውን ሰው «አንተ እኮ ትልቅ ሰው ነህ፣ ይህ ላንተ አይመጥንም» እያለ ሲያለዝበው ምንድን ነው? በልቡ ትልቅ ሰው ብሎት ነው?

ጋሼ፦ ልጄ፣ እኔ ብዙ አስታርቄአለሁ። እንዲህ የምንለው ለሁለቱም ሰላም ብለን ነው። ሸንጋይ ለራሱ ኪስ ነው የሚናገረው።

እነዋሪ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ሽማግሌ ሲለው ማስታረቅ፣ ነጋዴ ሲለው ሽንገላ?

የሞጃው፦ ሽማግሌ ምን ያተርፋል?

እነዋሪ፦ ክብር ያተርፋላ! ነገ ሌላ ቤት ይጠራል።