የመኪና ቻርጀሬ ዋይፋይ አልይዝ አለኝ (ደሴ)

የሆጤው ሰው፦
ሰላም ያ ጀማዓ። ለኤሌክትሪክ መኪናዬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ቤት አስገጥሜያለሁ። መሙላቱን ይሞላል፣ ዋይፋይ ግን አልይዝ አለ። አፑ ፓስወርዱን ይቀበልና ሲሽከረከር ቆይቶ "አልተሳካም" ይለኛል። እዛው ቻርጀሩ ስር ቆሜ በስልኬ ዩቲዩብ ስከፍት ግን ምንም ችግር የለም። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ መኪናው የሚያድረው ጓሮ በቆርቆሮ በከለልነው ቦታ። የሸጠልኝ ልጅ "ራውተር ቀይር" ብሎ ስልኩን ዘጋው። የግድ ነው? ዋይፋዩን የፈለግኩት ሌሊት በሰዓት እንዲሞላልኝ ነው። ደግሞ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ብሬከሩ እየወረደ ከባለቤቴ ጋር ልንጣላ ነው 😀

ቦርከና፦
አብሽር ወንድሜ፣ ራውተር አትግዛ። ዋይፋይ በሁለት ሞገድ ይለቀቃል፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ፤ አብዛኛው የቤት ቻርጀር የሚይዘው 2.4ቱን ብቻ ነው። ስልክህ ምናልባት በ5ቱ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ስልኩ ስለሰራ ቻርጀሩም ይሰራል ማለት አይደለም። ያሁን ጊዜ ራውተሮች ሁለቱንም በአንድ ስም ይለቃሉ፣ ጣጣው እዛ ላይ ነው። ራውተሩ ጀርባ በተለጠፈው አድራሻ ግባና ለ2.4ቱ ለብቻው ስም ስጠው። ስሙ ላይ ክፍተትና ምልክት አታስገባ፣ አንዳንዱ ቻርጀር አይወድም። ሴኪዩሪቲው (የፓስወርዱ መቆለፊያ ዓይነት) ደብሊውፒኤ3 ከሆነ ወደ ደብሊውፒኤ2 መልሰው። ከዛ ስልክህንም 2.4ቱ ላይ አስገብተህ ሞክር።

ጦሳ ስር፦
ቦርከና ያለው ልክ ነው፣ ግን ዳታውን ረሳው። ብዙ ቻርጀር ሲገጠም መጀመሪያ የራሱን ዋይፋይ ይለቅና ስልክህ እሱን ይይዛል። እሱ ደግሞ ኢንተርኔት ስለሌለው ስልኩ ሹልክ ብሎ ወደ ዳታ ይመለሳል፣ አፑም ቻርጀሩን ያጣዋል። ዳታህን አጥፋ፣ ብሉቱዝና ሎኬሽን አብራ።

ቆርቆሮውንም አትናቀው። ብሎኬት ሲግናሉን ቢያደክመውም ያሳልፋል፣ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። ስልክህን 2.4 ላይ አድርገህ፣ በሩን ዘግተህ፣ ቻርጀሩ አጠገብ ቁምና እየው። የዋይፋዩ ምልክት አንድ መስመር ብቻ ካሳየህ ራውተሩን ወደ ጓሮው መስኮት አስጠጋው።

የሆጤው ሰው፦
ያዘ! ስሙን ለየሁት፣ ዳታ አጠፋሁ፣ ወዲያው ተገናኘ። አላህ ይስጣችሁ። ግን ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና ጠፋብኝ። በየቀኑ ይሄን ልሰራ ነው?

ኤሌክትሪሻን ከኮምቦልቻ፦
መብራት ሲመጣ ቻርጀሩ በሰከንዶች ይነሳል፣ ራውተሩ ግን ትንሽ ደቂቃ ይወስዳል። አንዳንዱ ቻርጀር ፈልጎ ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ራውተሩ ሲረጋጋ የቻርጀሩን ብሬከር አጥፍተህ አብራ። ከሰለቸህ ለራውተሩ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ትንሽ ዩፒኤስ ግዛለት።

የሌሊቱን ሰዓት ደግሞ መኪናው ላይ ብትሞላው ይሻላል፣ ብዙ መኪና ራሱ አለው፣ ዋይፋይም አይጠይቅህም። ሰዓቱን ግን አንዱ ላይ ብቻ አስገባ፤ አፑም መኪናውም ላይ ካስገባህ ይጋጩና ጠዋት ባትሪው እንደነበረ ታገኘዋለህ።

ምጣዱ ሌላ ጉዳይ ነው። 7 ኪሎዋት በ220 ቮልት ወደ 32 አምፔር ነው፣ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፣ የቤትህ መስመር ሁለቱን አይችልም። አፑ ላይ አምፔሩን 16 አድርገው። ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከሞላ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ተርፎህ ታድራለህ። ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ መኪናው ራሱ ትንሽ ይሞላል፣ ስትመለስ ዳገቱ ያንኑ ይወስድብሃል እንጂ 😀 ከዋይፋዩ በፊት ግን የኧርዙን ሽቦ (ወደ መሬት የሚገባውን) አስለካው። እሱ ሳይኖር እየሞላህ ከሆነ አቁም።

የሆጤው ሰው፦
16 አደረግኩት፣ አሁን ምጣዱም መኪናውም እኩል እየሰሩ ነው። ለኧርዙ ግን እዚህ ሆጤ አካባቢ መለኪያ ይዞ የሚመጣ ሰው የምታውቁ አላችሁ?

ኤሌክትሪሻን ከኮምቦልቻ፦
ቅዳሜ ደሴ ሥራ አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።