አገር ኅብረት ስትገባ በትክክል የምታስረክበው ምንድን ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አውሮፓ ኅብረት ሳነብ አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል። አንዱ «ሉዓላዊነትን አሳልፎ መስጠት ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ተራ የንግድ ስምምነት ነው» ይላል። አገር አባል ስትሆን በተግባር ከእጇ የሚወጣው ምንድን ነው? ገበያውን ብቻ ወስዶ ሌላውን መተውስ አይቻልም? የምታውቁ በምሳሌ አስረዱኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አድርጉልኝ፣ እንዳይምታታብኝ።

መልስ 1

ወንድሜ፣ ፊርማውን እርሳው። ቀላሉ እሱ ነው። ላብ የሚያስጠምቀው ከዚያ በፊት ያለው ነው።

አመልካች አገር ፊት የሚደረደረው የኅብረቱ ሕግ በሙሉ ነው። በ35 ምዕራፎች ተከፋፍሏል። ዓሣ ማስገር፣ ግብር፣ ፍርድ ቤት፣ የምግብ ደኅንነት፣ ያልገባበት የለም። ድርድር ይሉታል፤ ሕጉን ግን ማንም አይደራደርበትም። ክርክሩ መቼና እንዴት ትፈጽመዋለህ በሚለው ላይ ነው። ቀናህ ከሆነ ለአንዳንዱ ጉዳይ የተወሰነ የመሸጋገሪያ ጊዜ ይሰጥሃል። በቃ።

ክሮኤሺያን እንይ። በ2003 አመለከተች፣ ድርድሩ በ2005 ተጀመረ፣ አባል የሆነችው በ2013 ነው። በጣም ካስቸገሯት ነገሮች አንዱ የመርከብ ፋብሪካዎቿ ናቸው። መንግሥት ለዓመታት በድጎማ ደግፎ ያቆማቸው ናቸው። የኅብረቱ የውድድር ሕግ ደግሞ መንግሥት በግብር ከፋዩ ገንዘብ ከሳሪ ድርጅት እያስታመመ የሌላውን አባል ፋብሪካ ከገበያ እንዲያስወጣ አይፈቅድም። ምርጫው ወይ መሸጥ፣ ወይ እንደ አዲስ ማዋቀር፣ ወይ መዝጋት ሆነ። ስፕሊት ወይም ሪየካ ላይ መርከብ ለሚበይድ ሠራተኛ የሉዓላዊነት ጉዳይ ማለት ይኸው ነው። የገዛ መንግሥቱ ሊደጉመው ቢፈልግ እንኳ ብራስልስን ሳያስፈቅድ አይችልም።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እያንዳንዱ ምዕራፍ ሲከፈትም ሲዘጋም ነባሮቹ አባላት አንድም ሳይቀሩ እሺ ማለት አለባቸው። ስሎቬኒያ፣ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር፣ በፒራን ባሕረ ሰላጤ ወሰን ተቀይማ የክሮኤሺያን ድርድር ከ2008 መጨረሻ እስከ 2009 መኸር ድረስ ቀፍድዳ ያዘችው። ቀድሞ የገባ በሩን ይይዛል። የሰሜን መቄዶንያ ደግሞ የባሰ ነው። ግሪክን ደስ ለማሰኘት በ2019 የአገሯን ስም ቀየረች። በዓመቱ ቡልጋሪያ በታሪክና በቋንቋ ጉዳይ ተነሥታ አገደቻት። ስም እስከ መቀየር ደርሰህ «ቆይ፣ እኔም ጥያቄ አለኝ» ስትባል አስበው!

መልስ 2

ገበያውን ብቻ መውሰድ ይቻላል። ኖርዌይ አድርጋዋለች። ሕዝቧ በ1972ም በ1994ም በድምፁ «አንገባም» አለ። ግን ከ1994 ጀምሮ በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና በኩል የጋራ ገበያው ውስጥ ናት። የእርሻና የዓሣ ፖሊሲዋን በእጇ አስቀርታለች። በለውጡ የገበያውን ሕግ ትቀበላለች፣ ገንዘብም ታዋጣለች፤ ሕጉ ሲወጣ ግን ድምፅ የላትም። እኔን ብትጠይቀኝ ከአባልነት ይልቅ ነፃነት የሚነካው ይሄኛው ነው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። አገሪቱ ገብታ ካበቃች በኋላ «ይህን ሕግ አልፈጽምም» ብትልስ? ኅብረቱ ጦር የለው፣ እስር ቤት የለው። ማን ያስገድዳታል?

መልስ 1

የራሷ ዳኞች! ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ጣሊያን በ1962 የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን ወረሰች። ኮስታ የሚባል የሚላኖ ጠበቃ ከተወረሱት በአንዱ አክሲዮን ነበረው። በገነ። ከ2,000 ሊሬ ያነሰች የመብራት ሒሳብ መጣችለት፤ አልከፍልም ብሎ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሰው። የሰፈር ክርክር የሚያይ ዳኛ ነበር የያዘው። እሱም ጥያቄውን ሉክሰምበርግ ላለው የጋራ ፍርድ ቤት ላከው። በ1964 መልሱ መጣ፤ የአገር ሕግ ከጋራው ሕግ ጋር ከተጋጨ የጋራው ይበልጣል። ውሉ ውስጥ እንዲህ ብሎ በግልጽ የጻፈ አንቀጽ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የትኛውም የአባል አገር ዳኛ የገዛ ፓርላማውን ሕግ ወደ ጎን የማድረግ ግዴታ አለበት። እኔ ትልቁ ርክክብ የምለው ይህንን ነው።

ካልሰሙም ኪስ አለ። ፖላንድ በዳኞች ዲሲፕሊን ጉዳይ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አልፈጽም ስትል በ2021 በቀን 1 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣች። አልከፍልም ስትል ከኅብረቱ ከሚደርሳት ገንዘብ ላይ ተቀነሰባት።

መልስ 3

ሁሉንም በአውሮፓ አትለኩት። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ በ1967 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ሲመሠርቱ አየር መንገዱም፣ ባቡሩም፣ ወደቡም የጋራ ነበር። በዚህስ ከአውሮፓውያኑ ቀድመው ነበር። የጎደለው መሪዎቹ ሲኳረፉ ሥራውን የሚያስቀጥል አካል ነው። ትርፉ ወደ ኬንያ ያደላል የሚል ቅሬታ ነበረ። በዚያ ላይ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከኡጋንዳው መሪ ከኢዲ አሚን ጋር አልቀመጥም አሉ። የመሪዎቹ ጉባኤ ካልተሰበሰበ ደግሞ የሚወስን የለም። በ1977 ፈረሰ። በ2000 እንደገና ተቋቋመ። ፍርድ ቤትና የሕግ አውጪ ጉባኤ አለው፤ ዋና ዋናው ነገር ግን ዛሬም በመሪዎቹ ስምምነት ነው የሚያልፈው።

ጠያቂው

እሺ፣ ሲፈርስ ባቡሩና አውሮፕላኑ ለማን ደረሰ?

መልስ 3

ሁሉም በእጁ የተገኘውን ይዞ ቀረ፣ ከዚያ ክርክር። አንድ የስዊስ ዲፕሎማት ሸምግሎ የክፍፍሉ ስምምነት የተፈረመው በ1984 ነው። ለኬንያ 42፣ ለታንዛንያ 32፣ ለኡጋንዳ 26 በመቶ።